የጨው ሜዳን በራዳር ሳተላይት ማጥናት፦ ጣና ላይ ተለማምዶ አሳሌ ላይ መሥራት

«ጋሼ፣ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ወጣብኝ። ተበላሽቶ ነው እንዴ?»

ይህ ጥያቄ በየወሩ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እዚሁ ባሕር ዳር የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ርዕሳቸው የአፋር የጨው ሜዳ ነው፤ አሳሌ፣ ዳሎል ወይም አፍዴራ። ዓይን የሚያጥበረብረውን ነጭ ሜዳ በፎቶ ያውቁታል። የራዳር ምስሉን ሲከፍቱት ግን እንደ ምጣድ ጠቁሮ ይጠብቃቸዋል። ምስሉ አልተበላሸም። ሳተላይቱ ያየውን በትክክል ነው የነገራችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ራዳር ጨው አያይም። ቀለምም አያይም። ዝርግ በሆነ ሜዳ ላይ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ መሬቱ ምን ያህል ሻካራ እንደሆነና ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ። መስታወት ላይ ባትሪ በጎን ብታበሩ ብርሃኑ ወደ ማዶው ግድግዳ ይሄዳል እንጂ ወደ እናንተ አይመለስም። ልሙጥ ጨውም ልሙጥ ውሃም የራዳሩን ሞገድ እንዲሁ ወደ ማዶ ይሸኙታል። ወደ ሳተላይቱ ምንም ስለማይመለስ ምስሉ ላይ ጥቁር ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህንን ጥቁር ከዚያኛው ጥቁር ለመለየት ነው።

ለዚህም ነው ማንንም ቢሆን በቀጥታ ወደ አሳሌ የማልልከው። መጀመሪያ ጣና ላይ እንለማመዳለን። ጣና ደጃችን ነው። ምስሉ ላይ ያየነውን ነገር በእግራችን ሄደን ማረጋገጥ እንችላለን። አሳሌ ላይ ይህ ዕድል የለም፤ ቢኖርም ውድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ። ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋባይት፣ ቢቻል 16። በ4 ጊጋባይት የሚሠራ ሰው ከደረጃ 3 ላይ የመጀመሪያውን መንገድ ብቻ ይከተል።
- ስናፕ የተባለው የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ ነፃ ሶፍትዌር፤ ለካርታ ደግሞ ኪውጂአይኤስ።
- ሦስት ነፃ አካውንቶች፦ የኮፐርኒከስ ዳታ ስፔስ፣ የናሳ ኧርዝዴታ እና የጉግል ኧርዝ ኢንጂን። የመጨረሻው ምዝገባ ስለሚጠይቅ ዛሬውኑ ጀምሩት።
- ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። አንድ ምስል 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። 20 ምስል ሲሆን ላፕቶፑ ይሞላል።
- ማስታወሻ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክ።
- 1 ኪሎ ጨውና ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ትሪ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ደረጃ 1 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጨውን ትሪ ላይ እዩት

ኮምፒውተሩ ይቆይ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨው እየጨመራችሁ አማስሉ። ጨው አልሟሟ ብሎ ከታች ሲዘቅጥ ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ገደማ ጨው ይሸከማል። ትሪው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ እስኪኖረው አፍስሱና በበጋ ፀሐይ በረንዳ ላይ ተዉት።

በመጀመሪያ የምታዩት መስታወት የመሰለ ውሃ ነው። ቀጥሎ ስስ ቅርፊት ይሠራል፤ እሱም ልሙጥ ነው። ውሃው ሲያልቅ ጨው ወደ ትሪው ጠርዝ ይወጣል፤ መሐሉም አበባ ጎመን የመሰለ ጉብታ ያወጣል። አሁን ማስመሪያ አምጡና ጉብታውን ለኩ። በመጨረሻም ውሃ እርጭ አድርጉበት። ጉብታው ይሟሟና ትሪው እንደገና ይለሰልሳል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የበረሃው የጨው ሜዳም የሚያልፍበት ዑደት ይኸው ስለሆነ ነው። ጎርፍ ይመጣል፤ ውሃው ይተናል፤ ልሙጥ ቅርፊት ይቀራል። ቆይቶ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና የማር እንጀራ የመሰለ ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ይይዛል፤ በየጠርዙም ከፍ ያለ ሸንተረር ያበቅላል። ቀጣዩ ጎርፍ ሁሉንም ያጥበዋል።

አሁን ቁጥሩን አምጡ። ምስሉን የምንወስደው ሴንቲኔል-1 ከተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ነው፤ የራዳሩ የሞገድ ርዝመት 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ገጽ ለራዳር «ልሙጥ» ወይም «ሻካራ» መሆኑን ለመገመት የሞገዱን ርዝመት በ8 ታካፍላላችሁ፤ ውጤቱን ደግሞ ሞገዱ መሬቱን በሚመታበት ማዕዘን ኮሳይን ታካፍላላችሁ። ማዕዘኑ 39 ዲግሪ ቢሆን 0.9 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ከ9 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጉብታ ለዚህ ራዳር ልሙጥ ነው ማለት ነው። ትሪያችሁ ላይ ያለው ጉብታ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ጣታችሁ ሻካራ ያለውን ራዳሩ ጥቁር አድርጎ ያሳየዋል። ይህን በጣቱ ዳስሶ ያወቀ ተማሪ ሁለተኛ «ተበላሽቶ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ምስል ምረጡ

ዳታውን ስትፈልጉ አምስት ነገር ተመልከቱ።

ሀ. የምርቱ ዓይነት። ለሻካራነትና ለእርጥበት ጂአርዲ የሚባለውን ውሰዱ። ኤስኤልሲ የሚባለው ለደረጃ 8 ብቻ ያስፈልጋል፤ መጠኑም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለ. ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ (ፖላራይዜሽን)። ቪቪ እና ቪኤች የሚባሉ ሁለት ቻናሎች አሉ። ዕፅዋት በሌለበት የጨው ሜዳ ላይ ዋናው ቪቪ ነው። ቪኤች ልሙጥ መሬት ላይ በጣም ስለሚደክም ከመሣሪያው የራሱ ድምፅ (ኖይዝ) በታች ይወርዳል። ከ-22 ዴሲቤል (የተመለሰው ሞገድ ጥንካሬ መለኪያ ነው) በታች ያለ ቁጥር ስታዩ መሬቱ ሳይሆን መሣሪያው እየተናገረ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ሐ. የምሕዋር ቁጥር። አንድ ቦታ ከሁለት ወይም ከሦስት ምሕዋር ሊታይ ይችላል። ማዕዘኑ ከ29 እስከ 46 ዲግሪ ባለው ክልል ይለያያል። ማዕዘን ሲለወጥ መሬቱ ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ምሕዋር ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኑ።

መ. ሰዓቱ። ሴንቲኔል-1 በእኛ አገር ላይ የሚያልፈው ጠዋት 12 ሰዓት ወይም ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። በፋይሉ ስም ላይ ያለው ሰዓት የግሪንዊች ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመለወጥ ቀላሉ መንገድ ሦስት መቀነስ ነው። 03:10 የሚል ካያችሁ ጠዋት 12:10 ነው። 15:10 ከሆነ ማታ 12:10። ለምን ይህን ያህል ትኩረት? ንፋስ ውሃውን ሲያንቀጠቅጠው ጥቁሩ ውሃ ብሩህ ይሆናል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጠዋት ሐይቁ ጸጥ እንደሚል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ እንደሚነሣ ያውቃል። ውሃ የምትፈልጉ ከሆነ የጠዋቱን አስቀድሙ።

ሠ. ቀኑ። ስሙ ላይ 20240911 ካለ መስከረም 1፣ 2017 ማለት ነው። የቀን መቁጠሪያ ማደባለቅ የአንድ ሰሞን ሥራ ያበላሻል። የደብተራችሁን ገጽ ለሁለት ክፈሉና ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።

ሌላም አለ። አንድ ሳተላይት እዚያው ቦታ የሚመለሰው በ12 ቀን ነው። ሴንቲኔል-1ቢ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሥራ አቁሟል፤ ሴንቲኔል-1ሲ የመጠቀው በዲሴምበር 2024 ነው። በመሐል ባሉት ዓመታት ምስሉ ከቀደመው ጊዜ የሳሳ ነው። ግራፋችሁ ላይ ነጥቦቹ ሲራራቁ የበረሃው ለውጥ እንዳይመስላችሁ።

ደረጃ 3፦ የት እንደምትሠሩ ወስኑ

ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ወይም መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ኧርዝ ኢንጂን ላይ ሥሩ። ምስሉን አታወርዱም፤ ስሌቱ እነሱ ጋር ያልቃል። እዚያ ያለው የሴንቲኔል-1 ስብስብ ደረጃ 4 ላይ የምዘረዝረው ዝግጅት አብዛኛው አልቆለት ነው የሚጠብቃችሁ። የማይደረግለት የነጠብጣብ ማጣሪያ ነው።

በስናፕ መሥራት የፈለገ ደግሞ ማታ በሌሊት ጥቅል ያውርድ። እኔ ጀማሪዎችን ቢያንስ አንድ ምስል በስናፕ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሠራቸዋለሁ። ምክንያቱም ኧርዝ ኢንጂን ከጓዳ ያበሰለውን ምን እንደሆነ ሳያውቁ መብላት ነው የሚሆነው።

ደረጃ 4፦ ምስሉን አዘጋጁ

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ።

1. አፕላይ ኦርቢት ፋይል። ሳተላይቱ በትክክል የት እንደነበር ያርማል። ትክክለኛው ፋይል ምስሉ ከተነሣ 20 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚወጣው። የትናንት ምስል ላይ «አልተገኘም» ቢላችሁ አትደንግጡ።

2. ሰብሴት። የምትፈልጉትን ቦታ ብቻ ቁረጡ። ለአሳሌና ዳሎል ከ13.9 እስከ 14.4 ሰሜን፣ ከ40.1 እስከ 40.5 ምሥራቅ ይበቃል። ሙሉው ምስል 250 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ሙሉውን ስታሠሩ ሦስት ሰዓት ፈጅቶ ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል።

3. ተርማል ኖይዝ ሪሙቫል። የመሣሪያውን የራሱን ድምፅ ይቀንሳል። ከተማ ወይም ደን ላይ ብትዘሉት ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ጥቁር የጨው ሜዳ ላይ ግን ከዘለላችሁት ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ጭረት ይታያችኋል። ያንን ጭረት የጂኦሎጂ ስንጥቅ ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል።

4. ካሊብሬሽን፤ ውጤቱ ሲግማ ኖት። የአንዱን ቀን ቁጥር ከሌላው ቀን ቁጥር ጋር ማወዳደር የሚቻለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

5. ስፔክል ፊልተር። የራዳር ምስል በተፈጥሮው ሠርገኛ ጤፍ ይመስላል፤ ነጭና ጥቁር ቅንጣት ተደበላልቆ። ማጣሪያው ያለዝበዋል። ሪፋይንድ ሊ የሚለውን ምረጡ። የማጣሪያው መስኮት በጣም ከሰፋ እንደ አፍዴራ ያሉትን ትንንሽ የጨው ማምረቻ ገንዳዎች አንድ ላይ ያቀልጣቸዋል።

6. ተሬን ኮሬክሽን። ምስሉን ካርታ ላይ ያስቀምጣል። የኮፐርኒከስን የ30 ሜትር ከፍታ ሞዴል ተጠቀሙ። ፕሮጀክሽኑ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ይሁን፤ ጣናም ዳሎልም እዚያው ውስጥ ናቸው።

7. ሊኒየር ቱ ዲቢ። ይህን ለማየት ብቻ ተጠቀሙበት። ለስሌት ሊኒየሩን፣ ማለትም ወደ ዴሲቤል ያልተለወጠውን ቅጂ አስቀሩ። ምክንያቱን ስሕተቶች ላይ እነግራችኋለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። አንዳንዱ ሰው የራሱን የከፍታ ፋይል ሲያዘጋጅ ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር «ስሕተት ነው» ብሎ ዜሮ ያደርገዋል። ከፍታው በ120 ሜትር ቢሳሳት በ39 ዲግሪ ማዕዘን ቦታው 150 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ይህ 15 ፒክስል ነው። ከፍታ የሌለውን ቦታ ሸፍን የሚለውን ምልክትም አጥፉት፤ ውሃና ዝቅተኛ ቦታ አብሮ እንዳይጠፋ።

ደረጃ 5፦ ጣና ላይ ማንበብ ተለማመዱ

የባሕር ዳርን የጠዋት ምስል ክፈቱ። መጀመሪያ ቦታውን አረጋግጡ። ዘጌ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ነው። ዘጌ በስተ ምሥራቅ ከታያችሁ ተሬን ኮሬክሽን አልሠራችሁም፤ ጥሬ ምስል እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው የሚታየው። ደቅ ደሴትንም ፈልጉ፤ ጥቁሩ ሐይቅ መሐል ብሩህ ሆና ትታያለች።

ከዚያ እነዚህን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ እያንዳንዱም ላይ ቪቪና ቪኤች ስንት እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፉ።

የሐይቁ መሐል። ጸጥ ባለ ጠዋት በጣም ጥቁር ነው። የዚያኑ ሰሞን የማታ ምስል ካገኛችሁ አጠገቡ አስቀምጡት። ንፋስ የነበረበት ቀን ከሆነ ያው ውሃ ሲበራ ታያላችሁ። ውሃ ሁልጊዜ ጥቁር እንዳልሆነ ዓይናችሁ ይመስክር።

ከተማው። የቤት ግድግዳና መንገድ ማዕዘን ሠርተው ሞገዱን በቀጥታ ወደ ላይ ይመልሱታል። በጣም ብሩህ ነው። የዓባይ ድልድይ ጥቁር ውሃ ላይ የተሰመረ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል።

የእምቦጭ ምንጣፍ። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ፈልጉት። ውሃ ላይ ቢንሳፈፍም ቅጠሉ ሞገዱን ስለሚበትነው ከውሃው ይልቅ ብሩህ ነው፤ ቪኤች ላይ በተለይ።

የፎገራ ሩዝ ማሳ። ይህ ለጨው ሜዳ ከሁሉ የቀረበው ልምምዳችሁ ነው። በክረምት ዝርጉ ሜዳ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ይጠቁራል። ሩዙ ሲያድግ ይበራል። ሲታጨድ እንደገና ይለወጣል። የአንድ ዓመት ምስሎችን ደርድሩና የአንድ ማሳ ግራፍ ሥሩ። ውሃ መጥቶ ሲሄድ ግራፉ ምን እንደሚመስል ከገባችሁ አሳሌ ላይ ባዳ አትሆኑም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ውጡና ምስሉ ላይ የጻፋችሁትን አመሳክሩ። ደንገሉ የት ድረስ ነው? ድንጋዩ፣ ጭቃው፣ ሳሩ ምን ይመስላል? እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ዘልሎት ደግሞ አሳሌ ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 6፦ አሳሌ ላይ ናሙና ምረጡ

አሁን የአፋሩን ምስል ክፈቱ። ቢያንስ አምስት ዓይነት ቦታ ላይ ትንሽ ፖሊጎን ሣሉ።

1. ዘወትር ውሃ ያለበት፦ የአሳሌ ሐይቅ መሐል።
2. ውሃ የሚመጣበትና የሚሄድበት፦ የሐይቁ ዳርቻ።
3. አሞሌ የሚቆረጥበት አካባቢ ያለው ደረቅ ሜዳ።
4. ሸንተረር ያበቀለው አሮጌ ቅርፊት።
5. የማይለወጥ ነገር፦ አሮጌ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። የኤርታሌን አፍ አትምረጡ፤ እዚያ አዲስ ላቫ ይፈስሳል።

አምስተኛው ለምን ያስፈልጋል? እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። የእሱ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ከ1 ዴሲቤል በላይ ከዘለለ የተለወጠው መሬቱ ሳይሆን የእናንተ አሠራር ነው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

እያንዳንዱ ፖሊጎን ውስጥ ቢያንስ 100 ፒክስል ይኑር። በአምስት ፒክስል አማካይ መደምደሚያ አይሰጥም፤ ሠርገኛውን ጤፍ አትርሱ።

ደረጃ 7፦ ጥቁሩን ከጥቁሩ ለዩ

የሥራው እምብርት ይህ ነው። ቪቪ ላይ ጥቁር የሆነ ቦታ አገኛችሁ እንበል። ጸጥ ያለ ውሃ ነው ወይስ አዲስ ልሙጥ ቅርፊት? ከአንድ ምስል ብቻ መለየት አይቻልም። ሦስት ምስክር አቁሙ።

የመጀመሪያው ምስክር የቀን ብርሃን ምስል ነው። የዚያኑ ሳምንት ሴንቲኔል-2 አምጡ። በአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም በባንድ 11፣ ውሃ ድብን ያለ ጥቁር ነው። ደረቅ ጨው ግን ይበራል። ጥንቃቄ፦ እርጥብ ጨው በመሐል ነው የሚወድቀው። አረንጓዴውንና ባንድ 11ን የሚያወዳድረው የተለመደው የውሃ ቀመር እርጥብ ጨውን ውሃ ነው ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ ቀመሩን ብቻ ሳይሆን ምስሉንም በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛው ምስክር ጊዜ ነው። የዚያን ፒክስል የዓመት ግራፍ ሥሩ። ውሃ የሚመላለስበት ቦታ ይዘልላል፤ ፎገራን አስታውሱ። በደጋው ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ታች ይወርዳል። ልሙጥ ቅርፊት ደግሞ ቀስ እያለ ይበራል፤ ሸንተረሩ እያደገ ስለሚሄድ ነው። ወር ከወር ከፍ እያለ ሄዶ በድንገት ወደ ታች የወደቀ ግራፍ ካያችሁ ትሪያችሁ ላይ ውሃ የረጫችሁበትን ቅጽበት ነው ያያችሁት።

ሦስተኛው ምስክር ኮሂረንስ ነው፤ እሱ ደረጃ 8 ላይ ይመጣል።

እርጥበት ሌላ ፈተና ያመጣል። ጨዋማ ውሃ የጠጣ ጭቃ ከደረቀው ይልቅ ሞገዱን አጥብቆ ይመልሳል። ሻካራነቱ ሳይለወጥ እርጥበቱ ብቻ ሲጨምር ቦታው ይበራል። «በራ፣ ስለዚህ ሸንተረር አበቀለ» አትበሉ። በአንድ ቀን ከበራ እርጥበት ጠርጥሩ፤ በወራት ከበራ ሸንተረር ጠርጥሩ።

አንድ ጠቃሚ ብልሃት ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 ይሠራ የነበረው የጃፓኑ አሎስ ሳተላይት ራዳር የሞገድ ርዝመቱ 23.6 ሴንቲ ሜትር ነው። የ9 ሚሊ ሜትሩ ወሰን ለእሱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ5.5 ሴንቲ ሜትር ሞገድ የሚበራና በአሎስ የሚጠቁር ደረቅ ቅርፊት ሸንተረሩ በሁለቱ ወሰን መሐል ሊሆን ይችላል። ዓመታቱ ስለማይገጥሙ ለማይለወጡት አሮጌ ቅርፊቶች ብቻ ተጠቀሙበት። ዳታው በአላስካ ሳተላይት ፋሲሊቲ በነፃ ይገኛል።

ደረጃ 8፦ ኮሂረንስ

ኮሂረንስ ሁለት ምስሎች በ12 ቀን ልዩነት ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር የሚናገር ነው። ውሃ በየሰከንዱ ስለሚንቀሳቀስ ወደ 0 ይጠጋል። ደረቅና ያልተነካ ቅርፊት ከፍ ይላል። እኔ ከ0.6 በላይ ሲሆን «ቅርፊት ነው፤ በእነዚህ 12 ቀናት ውሃም አልነካውም» ብዬ እጽፋለሁ። ዝቅ ካለ ግን ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ወይ መሬቱ ተለውጧል፣ ወይ በጣም ልሙጥ ስለሆነ የሚመለሰው ሞገድ ከመሣሪያው ድምፅ በታች ወርዷል። የደረጃ 2ን -22 እዚህ ላይ አስታውሱ።

ይህን በላፕቶፕ መሥራት ከባድ ነው። የአላስካው ማዕከል ሃይፕ3 የሚባል አገልግሎት አለው። ሁለቱን ምስሎች ትመርጣላችሁ፤ እነሱ ይሠሩታል፤ እናንተ ውጤቱን ብቻ ታወርዳላችሁ። ለእኛ ኢንተርኔት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

አብሮ የሚመጣው ባለ ቀለም ቀለበት ምስል ያጓጓል። አንድ ሙሉ ቀለበት መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ወይም ከሳተላይቱ በ2.8 ሴንቲ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ ያሳያል። ጨው ላይ ግን ፈጥናችሁ አትመኑት። የቅርፊቱ እርጥበት መለወጥም፣ በአየር ውስጥ ያለው ተንም ያንኑ ቀለም ያመጣል። ከአንድ ጥንድ ተነሥታችሁ «ሜዳው እየሰመጠ ነው» አትጻፉ።

ደረጃ 9፦ ስፋት አስሉ

ውሃ፣ ልሙጥ ቅርፊት፣ ሻካራ ቅርፊት ብላችሁ ከለያችሁ በኋላ ፒክስል ቁጠሩ። በዩቲኤም የ10 ሜትር ፒክስል 100 ካሬ ሜትር ነው። 25,000 ፒክስል 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የምትለዩበትን ወሰን ከሌላ ሰው ጽሑፍ አትቅዱ። የራሳችሁን ሂስቶግራም ሥሩ፤ በሁለቱ ጉብታ መሐል ያለውን ሸለቆ ውሰዱ።

ተደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ስሕተቶች

ዴሲቤልን ማማከል። -10 እና -20 አማካያቸው -15 ይመስላል። ስሕተት ነው። ወደ ሊኒየር ስትመልሷቸው 0.1 እና 0.01 ናቸው። አማካዩ 0.055፣ በዴሲቤል -12.6 ነው። ልዩነቱ 2.4 ዴሲቤል ነው፤ ብዙ ተማሪ «ለውጥ አገኘሁ» የሚልበት መጠን ማለት ነው። ኧርዝ ኢንጂን ላይ ያለው የተለመደው ስብስብ በዴሲቤል ስለሆነ ለአማካይ ፍሎት የሚለውን ሌላውን ስብስብ ተጠቀሙ።

የጠዋትና የማታ ምስል በአንድ ግራፍ ማስገባት። ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

«የጨው ካርታ» የሚል ርዕስ። የሠራችሁት የሻካራነትና የእርጥበት ካርታ ነው። ፈታኙ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ይሆናል።

የሜዳውን ምዕራባዊ ጠርዝ መርሳት። ወደ ደጋው የሚወጣው ገደል ራዳር ላይ ወደ ሳተላይቱ ያጋደለ ይመስላል፤ ሜዳው ላይም ሊደረብ ይችላል። ከገደሉ ሥር ያለውን ብሩህ ጠርዝ ከስሌት አውጡት።

ለቀለሙ ሲባል ምስሉን እስኪፈነዳ ማብራት። ቪቪን ከ-25 እስከ -5 ዴሲቤል ባለው ክልል አሳዩ፤ ለሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ይሁን።

ደረጃ 10፦ መስክ የመውጣት ዕድል ካገኛችሁ

ማስጠንቀቂያውን አስቀድማለሁ። ብቻችሁን አትሂዱ። ከክልሉ ፈቃድና የአፋር መሪ ያስፈልጋችኋል። እሱ «እዚህ አትርገጥ» ካለ አትርገጡ፤ ደረቅ የሚመስለው ቅርፊት ስር ጨዋማ ውሃ ወይም ጭቃ አለ። የዳሎል ባለ ቀለም ኩሬዎች ኃይለኛ አሲድ ናቸው፤ እጅ አይነከርም። ሥራችሁን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ውሃ ከምታስቡት በላይ ያዙ። የጸጥታውን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ከጨው ሜዳው አጠገብ ያለችው መንደር ሐመድ ኤላ ደርሶ ከመመለስ ባሕር ዳር መቅረት ይሻላል።

ቢቻል ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን ሁኑ። በየነጥቡ ሦስት ነገር ሥሩ።

ሻካራነት፦ አንድ ሜትር ሲባጎ በሁለት ሚስማር መሐል ወጥሩ። በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ቅርፊቱ ያለውን ርቀት ለኩ። 50 ቁጥር ታገኛላችሁ። የእነሱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ከ9 ሚሊ ሜትር ጋር የምታወዳድሩት ቁጥር ነው።

እርጥበት፦ ትንሽ ቅርፊት ቆርጣችሁ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ እሰሩ። እዚያው መዝኑ፤ ስትመለሱ አድርቃችሁ መዝኑ። ማድረቂያው ከ60 ዲግሪ አይለፍ። በተለመደው 105 ዲግሪ ጂፕሰም በውስጡ ያለውን የራሱን ውሃ ስለሚለቅ ደረቁ ናሙና እርጥብ ነበር ይላችኋል።

ፎቶ፦ አንድ ወደ ታች፣ አንድ ወደ አድማስ። ወደ ታች ስታነሡ ማስመሪያው ይታይ። የጂፒኤስ ቁጥሩን ደብተር ላይም ጻፉ፤ ስልክ በዚያ ሙቀት ሊዘጋባችሁ ይችላል። ማታ ማረፊያ ስትደርሱ ከእራት በፊት ፎቶዎቹን በነጥብ ቁጥር ሰይሙ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ነጭ መሬት አንድ ይሆንባችኋል።